ልብ ወለድ የሚያርሙት አቶ ቱ

በየሰፈሩ ነፍሰ ገዳዩን ከደራሲው ቀድሞ የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። በታይዋን፣ በኪሉንግ ወደብ ይህን ሹመት የያዙት ክቡር አቶ ቱ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር፣ በገዛ ፈቃዳቸው ደግሞ የወንጀል ልብ ወለድ ሃያሲ። ለሰፈሩ ጋዜጣ በየወሩ አንድ መጽሐፍ ይተቻሉ። ጋዜጣው እስኪወጣ ስለማያስችላቸው ግን የሊየንን መጻሕፍት ቤት ደንበኞች በቃል ይገላግሏቸዋል።

«እሱን ነው የገዛሽው? ሐኪሙ ነው የገደላት» ይላሉ፣ ሴትዮዋ ገና ከደጃፍ ሳትወጣ።

«አንተ ሰው፣ ገበያዬን ልትዘጋው ነው!» ትጮሃለች ሊየን።

«እውነት በተናገርኩ!»

አንዴ አንድ ደራሲ ወንበዴዎቹን በመኪና በወደቡ መንገድ በሰዓት መቶ ኪሎ ሜትር ቢያስጋልባቸው፣ ክቡርነታቸው ሦስት ቀን ምግብ አልበላ አላቸው። «ሠላሳ ዓመት ነድቼበታለሁ! እዚያ ጋ እኮ እግረኛ ነው የሚቀድምህ!»

ባለፈው ጥቅምት፣ ታፍነው ስለሚሸጡ ሴቶች የሚተርክ ልብ አንጠልጣይ መጽሐፍ ወጣ። አቶ ቱ ጧት ጀምረው ቀትር ላይ ግማሹ ጋ ደረሱና አንዱን ገጽ ደጋግመው ያነቡ ጀመር። ይህ ሊየንን ከጩኸታቸው ይልቅ አስደነገጣት።

«ምነው? ስህተት አጣህበት?»

«ሞልቶታል። ሩጫው፣ ተኩሱ፣ ጀልባው... እዚህ ገጽ ላይ ግን ደላላው የአንዷን ሴት ፓስፖርት ይወስድና፣ ለሚጠይቃት ሁሉ እሱ ይመልስላታል።» መጽሐፉን ከደኑት። «ዓሣ ማጽጃው ቤት ያለችው ቬትናማዊት፣ ስሟን በጠየቅኳት ቁጥር አሠሪዋ አይደል የሚመልስልኝ?»

«ቱ፣ መጽሐፍ አዙሮሃል።»

«ያዙረኝ።»

የዓሣ ሽታ የማይወዱት ሰውዬ አራት ቀን ሙሉ ዓሣ ገዙ። በአራተኛው ቀን አሠሪው በስልክ ሊነጋገር ወደ ጓሮ ዞር ሲል ጎንበስ ብለው፣ «ልጄ፣ ፓስፖርትሽ የት ነው?» አሏት።

በቢላዋዋ ጫፍ የተቆለፈ መሳቢያ አሳየቻቸው።

«መሄድ ትፈልጊያለሽ?»

«አዎ» አለች በተሰባበረ ቻይንኛ። «ግን ቀን ይጠብቀኛል፣ ማታ በሩን ይቆልፍብኛል።»

አቶ ቱ ፖሊስ ጠሩ። ፖሊሶቹ እስኪደርሱ እሳቸውና ሊየን ከዓሣ ቤቱ ደጃፍ ንቅንቅ አላሉም። አሠሪው ወጥቶ ቢሳደብ፣ ሊየን የባሰውን አከናንባ መለሰችው። ፖሊሶቹ መሳቢያውን አስከፈቱ፤ ልጅቷ፣ ስሟ ቱየት ነው፣ ፓስፖርቷን በእጇ ይዛ ወጣች። አሁን የሴቶች መጠለያ ውስጥ ናት፤ ከእናቷ ጋር በየቀኑ ታወራለች።

የዚያ ወር ሂስ አራት መስመር ብቻ ሆነ። «መጽሐፉ በጣም ይፈጥናል። የዘገየሁት እኔ ነኝ። ልጅቷን ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ እያየሁ አልፌያታለሁ። አንብቡት።»

ሊየን ከጋዜጣው ቆርጣ መስኮቷ ላይ ለጠፈችው። አንድ መንገደኛ ቆሞ አነበበና፣ «ማነው የጻፈው?» አላት።

«የኛው ሰው ነው» አለችው።