ጋሼ መኮንን እና ሙቀት ያደከመው ቺፕ

ለሁሉም ነገር ሙቀትን የሚከስ ሰው አጋጥሟችሁ አያውቅም? ሸዋ ሮቢት እኛ ሠፈር ጋሼ መኮንን አሉ። ባጃጅ ቢበላሽ ሙቀት፣ ትዳር ቢፈርስ ሙቀት!

ሟቹ ወንድሜ የሽንኩርታችንን የውሃ ፓምፕ አንድ ሰዓት ከሠራ በኋላ የሚያጠፋ መሣሪያ ሠርቶ ነበር። ጊዜውን የሚቆጥረው ቺፕ ተቃጠለና አዲስ ቀየርኩለት፤ ፓምፑም ስምንት ሰዓት ሙሉ ሠርቶ ማሳውን አጥለቀለቀው።

«ከደገመው ነቅለን እንጥለዋለን» አለች እናቴ፣ እንባዋን እየጠረገች።

ጋሼ ግን «ሙቀት አድክሞት ነው፤ ጥላ ሥር አድርገው» አሉ። አደረግኩት።

በኋላ የወንድሜን ደብተር ሳገላብጥ፣ አዲስ ቺፕ የውስጥ ሰዓቱ ፍጥነት ለስምንት ተካፍሎ እንደሚመጣ፣ አንዱን ሰዓትም ስምንት እንደሚያደርገው ተጽፎ አገኘሁ። ማስተካከል ነበረብኝ። አስተካከልኩት፤ ፓምፑ ልክ አንድ ሰዓት ሠርቶ ቆመ።

«አላልኩህም? ጥላው ነው ያዳነው!»

«ልክ ነዎት፣ ጋሼ።»

ወንድሜ ቢኖር እስኪመሽ ይከራከራቸው ነበር። እኔ ብቻዬን መከራከር ገና አልለመድኩም።