ላሬቦ አጎበር ውስጥ ሆኖ ሽማግሌ ሲመጣበት

እናቴ ትሙት ብዬ ብምልም እንደማታምኑኝ አውቃለሁ። ግን ልንገራችሁ። የእኛ አገር ሰው ታሞ ተኝቶ፣ ነፍሱ ልትወጣ በር ላይ ቆማ ነጠላዋን እያስተካከለች እንኳ፣ ሽማግሌ ከገባ ብድግ ይላል። «ኧረ በአላህ አትነሳ!» ማለት ደንብ ነው፤ እንዳልሰማ ሆኖ መነሳትም ደንብ ነው። አጎበር የሠራው ፈረንጅ ይህን አያውቅም። ከየት ይወቀው?

ላሬቦ የእህቴ የዘይነባ ባል ነው። ቆላ፣ ግቤ ዳር በቆሎ አለው፤ እሸት ሲይዝ ከርከሮ እንዳይጨርሰው ወርዶ እዚያው እያደረ ይጠብቃል። አንድ ዓመት ወባ ይዞት ሲመለስ፣ እሱ ሲንቀጠቀጥ የጃጁራ ገበያ ዳስ ይወዛወዝ ነበር። በዓመቱ ዘይነባ «ያለ አጎበር እግርህን አታነሳትም!» አለችው። አጎበር ማየት አውሮፕላን የማየት ያህል ብርቅ በሆነበት በዚያ በጃንሆይ ጊዜ፣ ሆሳዕና ያሉትን የወባ ሰዎች ደጅ ጠንቶ አንድ አመጣ።

ምን ያደርጋል! አጎበሩ የተሰፋው ባለ አራት እግር የብረት አልጋ ላለው ሰው ነው። የላሬቦ አልጋ ደግሞ መሬት ናት። መሬት እግር የላትም። ጠባብ ስለሆነም ክንዱ ጨርቁን ይነካል፤ ቢምቢ ውጭ ቆማ በቀዳዳው ትመጠዋለች።

ዘይነባ አጎበሩ በቀን፣ ደጅ ላይ እንዲፈተን ፈረደች። ላሬቦን ሰሌን ላይ አስተኝታ፣ ግንባሩን እርጎ ቀብታ አጎበሩን ጣለችበትና ጠርዙን ሰሌኑ ሥር ሸጎጠች። «አንድ ዝንብ ከገባ በቆሎህን እርሳው!»

የሰፈራችን ዝንብ ሁሉ ወጣ። የጎረቤት ከተማው የሺንሺቾ ዝንብም ሳይቀር ጥሪ እንደደረሰው እየዘመረ መጣ። ላሬቦ ጥሩ ተኝቶ ሳለ፣ የመንደሩ አንጋፋ አባ ኤርጃቦ ብቅ አሉ። ብድግ! አጎበሩ ከሰሌኑ ሥር ተነቀለ፤ ዝንቡ ሠርግ ቤት እንደተጠራ ገባ።

«በቃ፣ አትሄድም!» አለች ዘይነባ።

«ኧረ አንቺ ሴት፣ ከርከሮው እኮ ይኼኔ እየበላ ነው!»

መንደሩ አዘነለት። ሴቶቹ ቀርከሃ አጥፈው ሰፊ ክብ ሠሩና አጎበሩን ወጥረው ዛፍ ላይ ሰቀሉት። ሸማኔው ጎረቤታችን ከሥሩ ወፍራም የጋቢ ቁራጭ ቀጠለበት፤ ሰሌን ሥር ሲገባ በክብደቱ እንዲይዝ። እኔም «ኪስ ይኑረው» ብዬ ሐሳብ ሰጠሁ፤ የሰማኝ የለም። አሁን ላሬቦ ውስጡ ቆሞ እጅ ቢነሳ እንኳ ጨርቁ አይነካውም።

አባ ኤርጃቦ ሄደው እንደገና መጡ። ላሬቦ ውስጡ ብድግ አለ፤ አንድም ዝንብ አልገባም! እልል ልንል ስንል ሽማግሌው ቅር አላቸው።

«ልጄ፣ በወንፊት ውስጥ ነው የምትቀበለኝ? በምን በኩል ልመርቅህ?»

ምርቃት እኛ ዘንድ እጅ ላይ እንትፍ ተብሎ ነው። ጠርዙን ገልጠው ገቡ። ዝንቡም ሊመረቅ ተከተላቸው።

ዘይነባ ራሷን ያዘች። ላሬቦ እርጎው አፍንጫው ላይ እየወረደ እንደ ሕፃን አያት፤ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችለት።

«እሺ፣ ሂድ። ግን ማልልኝ፤ እዚያ ማንም ይምጣ ማን፣ ከአጎበሩ አትወጣም!»

«ወላሂ አልወጣም!»

ሁላችንም ተነፈስን። አባ ኤርጃቦ ግን አጎበሩ ውስጥ ተመቻችተው ጋደም እንዳሉ፣ «ከርከሮው ሲመጣስ?» አሉ።

ዘይነባ ቱግ አለች፤

«ይብላዋ! የሚበላው በቆሎውን እንጂ ባሌን አይደል!»