የሦስት ደቂቃ ሚስት

የእኛ ሰው ትንፋሹን የሚይዘው ሁለት ጊዜ ነው፤ አንድም ሲሞት፣ አንድም ፎቶ ሲነሳ። ካላመናችሁኝ የቤታችሁን የድሮ ፎቶ አውጡና ተመልከቱ። ሠርግ ላይ ያሉ ሙሽሮች ፍርድ ሊሰሙ የቆሙ ነው የሚመስሉት።

እኔ ይህን የተማርኩት በሰፈራው ዘመን፣ አሶሳ አጠገብ በቁጥር በምትጠራ የሰፈራ መንደር አስተማሪ ሳለሁ ነው። ባለቤቴ የሺ አራስ ነበረች። እናቷ እማማ ዘርፌ ደግሞ ደሴ ሆነው እንቅልፍ አጥተዋል። «አሶሳ የሄደ ሁሉ በወባ አለቀ» የሚል ወሬ ደርሷቸዋል... ወሬው ደግሞ ጨርሶ ውሸት አልነበረም። ደህና ናት ብዬ ብጽፍላቸው አላመኑኝም። አስጽፈው የላኩት መልስ አጭር ነበር፤ «ደብዳቤህ ደህና ነው፤ እኔ የጠየቅሁህ ስለ ልጄ ነው። ክረምት ስትመጣ በዓይኔ ካላሳየኸኝ እኔው መጥቼ እወስዳታለሁ።» አራስ ደግሞ ያን ሁሉ መንገድ በጭነት መኪና ተጭና አትሄድ ነገር!

በዚህ መሃል ነው ትራክተር የሚጠግን አንድ ፈረንጅ ወዳጄ በእጅ የምትያዝ የፊልም መቅረጫውን ያዋሰኝ። የቀረችው አንዲት ጥቅል ፊልም ናት፤ ሦስት ደቂቃ ብቻ ትቀርጻለች፣ ድምፅ የላትም። ቁልፏን ተጭነህ ከቆለፍከው ራሷ ትቀጥላለች አለኝ። በቃ፣ የሺ ስትስቅ፣ ልጁን ስታጫውት፣ ማሽላ ስታነፍስ ቀርጬ አማቴን አፍ አስይዛቸዋለሁ አልኩ።

የቀረጻው ቀን የሺ እንዴት ሆና ብትጠብቀኝ ጥሩ ነው? የሠርጓን ቀሚስ ለብሳ፣ ሕፃኑን አቅፋ፣ የሳር ቤታችን በር ላይ ተገትራለች። ከጎኗ ጎረቤታችን አልማሒ አለ። የአገሬው ተወላጅ፣ የበርታ ሰው ነው። ለአራሷ ማንጎ በቅርጫት ይዞ ሲመጣ ቀረጻው ላይ ደረሰና እሱም ቅርጫቱን እንደታቀፈ ተሰለፈ። አገጭ ቀና፣ ዓይን ፍጥጥ፣ ትንፋሽ እምቅ።

ቁልፏን ተጭኜ ቆለፍኩ። ጭጭ... ተንቀሳቀሱ ብላቸው ጭራሽ ደረቁ። የሺን ሳቂ ብላት፣ ከንፈሯን ሳታላቅቅ፣ ከሳቅሁማ ይበላሻል አለችኝ። በግቢው ውስጥ የተንቀሳቀሰችው አንዲት ዶሮ ብቻ ናት። በመጨረሻ አልማሒ ጨነቀው።

«ኡስታዝ፣» አለኝ፤ አስተማሪ ስለሆንኩ እንዲህ ነው የሚጠራኝ፤ «አሁን መተንፈስ ይቻላል?»

እኔ ግን ተናድጄ ነበር። መቅረጫዋን በርጩማ ላይ አስቀመጥኳት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ፣ ቁልፏን አልፈታሁም! ከዚያ እኔና የሺ የተባባልነውን ሁሉ እዚህ አልደግመውም። ዋናው ግን «እናትሽ ይህን ሲያዩ ሬሳሽን ደግፈን ያቆምነው ነው የሚመስላቸው» ማለቴ ነው። አራስ እንዲህ ይባላል? አይባልም። የሺ ሕፃኑን ምንጣፍ ላይ አስተኛችና ወደ አልማሒ ቅርጫት እጇን ሰደደች...

ፈረንጁ ለእረፍት አገሩ ሄዶ ሲመለስ ፊልሙን አሳጥቦ አመጣልኝ፤ ማሳያ መሣሪያውንም አዋሰኝ። መንደራችን መብራት ስላልነበራት እኔ ራሴ ሳላየው ነው ደሴ የገባሁት። እማማ ዘርፌ ቤት ግድግዳው ላይ አንሶላ ተወጠረ፤ ዘመድ ጎረቤት ተጠርቶ ተቀመጠ።

የሺ ታየች። ቆማለች። አሁንም ቆማለች። እማማ ዘርፌ ነጠላቸውን ማዘቅዘቅ ጀመሩ።

«አትንቀሳቀስም እኮ» አሉ። «ልጄን ምን አድርገሃት ነው?»

ጎረቤቶቹ ከንፈር መምጠጥ ያዙ። ሐዘን የተቀመጥን መሰልን። እናትየው ነገውኑ ተነስተው ሚስቴን ሊወስዱብኝ ነው።

ድንገት አንሶላው ላይ ያለው ምስል ዘመም አለ። እጄን እያወናጨፍኩ ስጮህ ታየሁ። የመጀመሪያው ማንጎ ግንባሬ ላይ ፈረጠ። ሁለተኛው ጀርባዬን አገኘኝ፤ እየሸሸሁ ነበራ! ሦስተኛው ሳተኝ። በዚህ ሁሉ መሃል አልማሒ፣ በቃ ያለው ስለሌለ፣ ቅርጫቱን እንደታቀፈ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ፊልሙ አለቀ።

እማማ ዘርፌ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ያ የወረወረችብህ ምንድን ነው?»

«ማንጎ ነው፣ እማማ።»

«የሚበላ?»

«አዎ፣ የሚበላ።»

እዚያ ቤት ከተቀመጡት መካከል በድርቁ ጊዜ ዘመድ ያልቀበረ አልነበረም። እኔም ይህን ያሰብኩት ገና ያኔ ነው፤ አፈርኩም፣ አዘንኩም።

«የሚበላ ነገር ተርፎ ባል የሚደበደብበት አገር ነው እንዴ ያለችው?» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ እንባቸውን ጠረጉና ሳቁ። «በቃ፣ ልጄ ደህና ናት።»

ሚስቴ ቀረችልኝ! ግን የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ነውና ለመመለስ የተነሳሁ ዕለት እማማ ዘርፌን ጓዛቸውን ሸክፈው በር ላይ አገኘኋቸው። ልጃቸውን ሊያመጡ መስሏችሁ ይሆናል። አይደለም፣ አብረውን ሊኖሩ ነው። መጡም፤ አሶሳም ተስማማቻቸው። ከሁሉ ከሁሉ ማንጎ ወደዱ... ደግሞ ልንገራችሁ፣ የሺስ ከሦስት አንዱን ትስታለች፤ እናቷ እስካሁን አንድም ስተው አያውቁም።