የዘይነባ ድካም

ሳይጠየቅ የሚመክር ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኛ ሰፈር አስቴር አለችላችሁ።

ጎረቤታችን ዘይነባ ክብደት ልቀንስ ብላ ጠዋት ጠዋት ከእኔና ከአስቴር ጋር የእንጦጦን ዳገት መውጣት ጀመረች። ግን ትንሽ ሄዳ ትቀመጣለች፤ ክብደቷም ንቅንቅ አላለም።

«ስንፍና ነው፤ ምሳ ተይ» አለቻት አስቴር፣ እንደ ሐኪም ኮስተር ብላ።

ምሳውን ስትተው ጭራሽ የቤቷን ደረጃ መውጣት አቃታት። ጤና ጣቢያ ይዣት ሄድኩ። ሐኪሟ የደም ምርመራዋን አይታ፣ «የብረት እጥረት ያመጣው ደም ማነስ ነው። አቅም ሳይኖርሽ በምን ተንቀሳቅሰሽ ትቀንሻለሽ?» ብላ ኪኒን አዘዘችላት።

ከወራት በኋላ ዘይነባ ዳገቱን እየሳቀች ትወጣው ጀመር፤ ቀሚሷም ሰፋት። አንድ ቀን አስቴር ከኋላ እያለከለከች «ቀስ በይ እንጂ» ብትላት፣ «አንቺም ደምሽን ተመርመሪ» አለቻት።

ምክርም እንደ ጉንፋን ይጋባል መሰለኝ።