እመት ወዴት ትስባለች?

የአራቱ ሰፈር ዕድር አሮጌ ቫን ወደ ግራ መሳብ ከጀመረች ሦስት ወር ሆኗታል። ስሟ እመት ነው። ስሙን ማን እንዳወጣላት የሚያስታውስ የለም፤ ዕድሜዋንም በትክክል የሚናገር አይገኝም፤ ሁሉም ግን ከእኔ በላይ የሚያውቃት የለም ይላል። ነጩ ቀለሟ በተፋቀበት ቀዩ ይታያል፣ ቀዩ በተፋቀበት ደግሞ የጥንቱ አረንጓዴ። የቀባት ሁሉ አዲስ አደረግኋት ብሎ ፎክሮ ነበር። ድንኳን ትሸከማለች፣ ለቀስተኛ ታመላልሳለች፣ ሙሽራም ይዛ ታውቃለች።

ሹፌሯ አሰግድ ይባላል። የታች ሰፈር ልጅ ነው፤ መሪዋን ከጨበጠ አራት ዓመቱ። ከእሱ በፊት የነበረው ሹፌር የላይ ሰፈር ሰው ነበርና ወደ ቀኝ ይስባል ተብሎ ተነሣ። ለዚህች ከተማ ቀኝና ግራ ቀላል ነገር አይደለም፤ ከአደባባዩ በስተቀኝ ሽቅብ የሚወጣው መንገድ ላይ ሰፈር ያደርሳል፣ በስተግራ ቁልቁል የሚወርደው ታች ሰፈር። ቀጥ ያለው የቤተ ክርስቲያኑ መንገድ ነው፤ እሱ የሁሉም ነው ይባላል።

ባለፈው ወር የላይ ሰፈር አዛውንት ሲቀበሩ እመት በለቀስተኛ ተሞልታ አደባባዩ ላይ ስትደርስ ወደ ግራ ተሳበችና ቦይ ውስጥ ገባች። እግዜር ይመስገን የተጎዳ የለም፤ የአንዲት ሴትዮ ጃንጥላ ብቻ ተሰበረ። ከቦዩ የወጣው ሰው ሁሉ ግን አቧራውን ከማራገፉ በፊት አሰግድን ቀና ብሎ አየው። "ወደ ሰፈሩ ሊወስደን ነበር!" ተባለ። አፈሩ ሳይመለስ ወሬው ከተማውን አዳረሰ።

የዕድሩ ዳኛ አቶ ልሳነወርቅ ጠሩት። የላይ ሰፈር ሰው ናቸው፤ ሲቆጡም ድምፃቸው አይጨምርም።

"እስከ እሑድ ድረስ መሪው ይስተካከል። ካልሆነ ቁልፉን ታስረክባለህ" አሉት።

አሰግድ ሥራ አያጣም፤ የጭነት መኪናም ቢሆን ይነዳል። ያንገበገበው ስሙ ነው። ሕዝብ አሳፍሮ ወደ ራሱ ደጅ ጎተተ ተብሎ እንዴት በዚህች ከተማ ይኖራል? ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ።

ሐሙስ ጠዋት እመትን ወይዘሮ ብርቄ ጋራዥ ወሰዳት። ወይዘሮ ብርቄ ከሟች ባላቸው ጋራዡንም ሙያውንም የወረሱ ሴት ናቸው። ብቻውን ግን አልሄደም። ከመካኒኳ ጋር እንዳይመሳጠር ከየሰፈሩ አንድ አንድ ታዛቢ ተመድቦበታል። አቶ ልሳነወርቅ ስለ ላይ ሰፈር ራሳቸው መጡ፤ ከታች ሰፈር አቶ ዱባለ፤ ከወንዝ ማዶና ከገበያ ዳርም አንዳንድ ሽማግሌ። አራቱም በአራቱ ጎማዎች አጠገብ ድንጋይ እየሳቡ ተቀመጡ። አሰግድን ከሚያዩት ይልቅ እርስ በርስ የሚተያዩት ይበዛል። አሰግድ ደግሞ ወይዘሮ ብርቄን ነው የሚያየው። ጋራዡ ያለው ወንዝ ማዶ ነውና ማን ያውቃል ብሎ ጠረጠረ።

"መሪው ይስባል" አሏቸው አቶ ልሳነወርቅ።

"ይስባል ወይስ ይሳባል?" አሉ ወይዘሮ ብርቄ፣ እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ።

የሳቀ የለም። ወይዘሮ ብርቄ በክሪክ አንሥተው የፊት ጎማዎቹን ወዘወዙ፣ ከሥር ተኝተው የመሪውን ዘንግ ዳበሱ፣ ግራሶ ቀቡት። "ትንሽ ላልቷል፤ ለዕድሜው ግን ጤነኛ ነው" ብለው አጠበቁት። አምስቱ ሰዎች ተሳፍረው ወጡ፤ እመት ወደ ግራ። የዘንጉን ጫፍ በአዲስ ቀየሩት፤ እመት አሁንም ወደ ግራ። ታዛቢዎቹ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

"ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነብኝ" አሉ ወይዘሮ ብርቄ እጃቸውን እየጠረጉ። "መሳብ የጀመረችው መቼ ነው?"

"ከሦስት ወር ወዲህ" አለ አሰግድ።

"ጎማዎቹስ የተገዙት?"

አሰግድ መልስ ከመስጠቱ በፊት አራቱንም ሽማግሌዎች አየ። አራቱም መሬት መሬት ያያሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት አንድ ሰው ለእመት አራት ጎማ ገዝቶ መጣ፣ ሰውየውም ገንዘብ በላ ተብሎ ታማ። ከዚያ ወዲህ ማንም በማንም እጅ አይገዛም ተባለና እያንዳንዱ ሰፈር የየራሱን አንድ ጎማ መርጦ እንዲያመጣ ደንብ ወጣ። ጎማ ባለቀ ቁጥር ቦታው በዕጣ ይደለደላል። የመጨረሻው ዙር ከሦስት ወር በፊት ነበር፤ ላይ ሰፈር ከማንም አላንስም ብሎ ትልቁን ገዛ፣ ዕጣው ከፊት በቀኝ ጣለው። ገበያ ዳር ለኪሱ የሚቀናውን አነስ ያለውን አመጣ፣ ከፊት በግራ ደረሰው። ወንዝ ማዶ ለጭቃው ጥርሱ የወጣ መረጠ፣ ታች ሰፈር ለአስፋልቱ ለስላሳውን። ማንም የማንንም እንዳይነካ በየጎማው ብሎን ላይ የየሰፈሩ ቀለም ተቀባ። ቀለሙ ተፍቆ ቢገኝ ሽማግሌ ያስቀምጣል።

ወይዘሮ ብርቄ ሲባጎ አምጥተው አራቱን ጎማዎች ዙሪያቸውን ለኩ፤ በለኩ ቁጥር ሲባጎው ላይ ቋጠሮ አሰሩ። አራት ጎማ፣ አራት ቋጠሮ፤ አንዱም ካንዱ አልገጠመም።

"የፊቶቹን ሁለቱን ላቀያይራቸው" አሉ።

ቀለሙን ለመፋቅ ፈቃድ እስኪገኝ ግማሽ ቀን ሄደ። የገበያ ዳሩ ሽማግሌ ጎማችን ይናቃል ብለው ተከራከሩ፤ አቶ ልሳነወርቅ የላይ ሰፈር ጎማ ወደ ግራ የሚሄድበት ምክንያት አልታያቸውም። በመጨረሻ ለሙከራ ያህል ብቻ ተብሎ ተፈቀደ።

አሰግድ አስነሣት። አደባባዩ ጋ ሲደርስ ሁለቱንም እጆቹን ከመሪው ላይ አነሣ። እመት ዝግ ብላ ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይ ሰፈር መንገድ ተሳበች።

"አያችሁ? አያችሁ ወይ? እኔ አይደለሁም!" ብሎ ሳቀ። ከወር ወዲህ እንዲህ ስቆ አያውቅም፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

 ከኋላው የተቀመጡት አቶ ዱባለ፣ የገዛ ሰፈሩ ሽማግሌ፣ ትከሻውን ነካ አደረጉት።

"አሰግድ ልጄ፣ ከእነሱ ጋር መብላት ከጀመርክ ስንት ጊዜህ ነው?" አሉት።

 የሌሎቹን ሐሜት ችሎት ነበር፤ የአቶ ዱባለን አልቻለውም። እመትን አዙሮ ጋራዡ ግቢ አስገባትና ሞተሩን አጠፋ።

ወይዘሮ ብርቄ ሲባጎውን አሳዩአቸው። "ባነሰው ጎማ በኩል ነው የምትስበው። ጎማው ሲቀየር ተከትላው ሄደች፤ መሪው ምን ያድርግ? አራቱንም በአንድ ልክ አድርጉላት፤ ያን ጊዜ ሕፃን ቢይዛትም ቀጥ ብላ ትሄዳለች።"

"በአንድ ልክ?" አሉ አቶ ልሳነወርቅ ዝግ ባለ ድምፃቸው። "በማን ልክ?"

ወይዘሮ ብርቄ ሲባጎውን ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱት። ደንብ ነውና ጎማዎቹ ወደየዕጣቸው ተመለሱ፣ ቀለሙም እንደገና ተቀባ።

እሑድ ዕድሩ ተሰበሰበ። ስለ መሪ ያልተናገረ አልነበረም፤ መሪ ሲላላ፣ መሪ ሲያዳላ፣ መሪ ሲያረጅ ምን እንደሚደረግ ሁሉም ያውቅበታል። ጎማ የሚለውን ቃል ግን ያነሣ አልተገኘም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው። አሰግድ ተነሥቶ ስለ ሲባጎው ሊያስረዳ ሞከረ፤ "ጥፋቱን በሕዝብ ሊያላክክ ነው" ተብሎ እንዲቀመጥ ተደረገ። ከዚያ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ታይቶ የማያውቅ ነገር ሆነ፤ አራቱም ሰፈሮች በአንድ ድምፅ ተስማሙ። ሹፌሩ ከአራቱም ያልሆነ፣ በከተማው ዘመድ የሌለው፣ ሩቅ አገር ያደገ ሰው ይሁን ተባለ።

ሰውየው በሳምንቱ መጣ። ጨዋ፣ ዝምተኛ፣ ልብሱ የተተኮሰ ሰው ነው። አሰግድ ቁልፉን ሲያስረክብ እጁ ከበደው፤ ቁልፉ በእጁ ሞቆ ነበር።

"ጎማዎቹን ለካቸው" አለው ዝቅ ባለ ድምፅ።

"መሪው ነው አስቸጋሪው ሲሉ ሰማሁ" አለ እንግዳው።

"እኔንም እንደዚሁ ነበር ያሉኝ።"

እንግዳው ነገሩ ሳይገባው ፈገግ ብሎ ገባና አስነሣት። አራቱ ሽማግሌዎች ትከሻ ለትከሻ ገጥመው በኩራት ይመለከታሉ፤ እንዲህ ሆነው ሲቆሙ አሰግድ ከዚህ በፊት አላየም፤ እውነትም ተሳክቶላቸው ይሆን ብሎ ልቡ ለአፍታ ተስፋ አደረገ። እመት ቀስ ብላ ተንቀሳቀሰች፣ መንገዱን ያዘች፣ አደባባዩ ጋ ስትደርስ ዝግ አለች። ከዚያ ወደ ግራ ዘመም ማለት ጀመረች።

 አቶ ልሳነወርቅ ከአጠገባቸው ወዳሉት ሽማግሌ ጠጋ አሉና፦

"ለመሆኑ" አሉ ድምፃቸውን ሳይጨምሩ፣ "የዚህ ሰውዬ እናት የት ሰፈር ነው የተወለዱት?"