የቀረውን የሚተው አፍ

እኔ ብዙ አላወራም። ማንበብም አልችልም። ታዲያ የአሜሪካ ደራሲ ከየት አወቅህ አትሉኝም? ቴፒ ላይ ቤቴን የተከራየችው መምህርት ሰናይት ናት ያስተዋወቀችኝ። ግቢ ውስጥ ቡና ሳሰጣ አጠገቤ ተቀምጣ ከእንግሊዝኛው እየመለሰች ታነብልኛለች።

ደራሲዋ ሴትዮ ዳቦ ቤት ነበር የምትሠራው። ምሳ በልታ ሌላው ሲያወራ እሷ ትጽፋለች፤ አጭር አጭር ታሪክ። መጽሔቶቹ ይመልሱባታል። ያንኑ ለሌላው ትልካለች። ይኼ ስንት ዓመት! እኔ ብሆን እሳት አቀጣጥልበት ነበር። ጸጉሯ ሲሸብት አተሙላት፤ አገሩ ጉድ አለ። “አሁን ደግሞ ረጅም ጻፊልን” ቢሏት በጄ አላለችም። እስክትሞት አጭር። ወኔ ማለት ይኼ ነው!

ደግሞ ታሪኳ ሊያልቅ ሲል ቀጥ ይላል። “የቀረውስ?” አልኳት ሰናይትን።

“አባባ፣ የቀረው የእርስዎ ነው” አለችኝ።

ተናደድኩ። በማግስቱ ግን ቡናው ስር እያረምኩ የቀረውን ስጨርስላት ዋልኩ።

ታዲያ የእህቴ ልጅ ታደለ ማርታን ካላገባሁ ብሎ እህል አልበላ አለ። አባቷ አቶ ወልዴ፣ ሚዛን አማን ያሉት፣ “ልጄን ለባጃጅ ነጂ?” ብለው አንዴ ሽማግሌ መልሰዋል። አሁንም ከመለሱ አበቃ። ሦስት ሆነን ሄድን። ዋናው ተናጋሪያችን መንገድ ላይ ጉንፋኑ ብሶበት ድምፁ ተዘጋ። “አንተ ተናገር” ተባልኩ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ዝም ያጋባል ሲባል ግን ሰምታችኋል?

እንደ ወጉ አንቀመጥም ብለን ቆምን። እኔም፣ “እኛ ወንድ ልጅ አለን። እርስዎ ሴት ልጅ አለዎት። አምና ክረምት እናትዎ የታመሙ ለት…” አልኩና ቀጥ አልኩ።

ጓደኛዬ በክርኑ ጎሸመኝ። “ቀጥል እንጂ፣ አንተ ሰውዬ!”

ዝም። አቶ ወልዴ ጠበቁ፣ ጠበቁ። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

“አዎ፣” አሉ በመጨረሻ፣ “በዚያ ዝናብ ባጃጁ ጭቃ ሲይዘው፣ እናቴን አዝሎ ሐኪም ቤት ያደረሰልኝ እሱ ነው። የወለድኩት እንኳ አያደርገውም።” ዓይናቸውን ጠረጉ። “ኧረ ተቀመጡ፣ አባቶቼ! ልጅቷ የእናንተው ናት።”

አሁን አገሩ ሁሉ ጥበበኛ ይለኛል። ከቱም ከተማ ድረስ ሽምግልና ሂድልን የሚሉኝ መጥተዋል። እውነቱን ልንገራችሁ? ጓደኞቼ በመኪና ሲያስጠኑኝ የመጡት ንግግር እዚያች ላይ ስደርስ ድርግም ብሎ ጠፋኝ።

ለአቶ ወልዴ ግን እንዳትነግሩብኝ፤ ሠርጉ ገና ከፋሲካ በኋላ ነው።