ሽጉጥ አድርጌ ወደ ጂም

በስዊዘርላንድ የማይደበቅ ነገር ቢኖር ጠመንጃ ነው። እሑድ ማታ ከጄኔቭ ወደ ዙሪክ በሚመጣው ባቡር የተሳፈረ ሰው ያውቀዋል። ከእረፍት ወደ ካምፓቸው የሚመለሱ ለጋ ወታደሮች ጠመንጃቸውን በጉልበታቸው መሃል አቁመው ቺፕስ ይበላሉ፤ አጠገባቸው የተቀመጡት አሮጊት ሹራባቸውን ይሠራሉ። ዞር ብሎ የሚያይ የለም። በዚያው ባቡር ውስጥ ግን እስቲ ስልክ አንሥታችሁ፣ በእኛ አገር የድምፅ ልክ «ሃሎ፣ ወይንሸት» በሉ። ፉርጎው በሙሉ ሽፍታ የገባበት ይመስል ይዞራል።

ሽጉጥ ግን ሌላ ነው። ጠመንጃ ይነገታል፣ ሽጉጥ ይሸጎጣል፤ ስሙም ከዚያው የመጣ ነው። የእኛ ሰው ስሙን ሲያወጣለት ስለ መተኮሱ አልተጨነቀም፤ መደበቂያውን ነው ያሰበው። እዚህ አገር ደግሞ ሽጉጥ ቤት ማስቀመጥ አንድ ነገር ነው፣ ሸጉጦ ወደ ጎዳና መውጣት ግን ፈተናም የፖሊስ ፈቃድም ይጠይቃል። እኔ ይህን ሁሉ ከየት ዐወቅሁት? ከባለቤቴ ከኡርስ።

ኡርስ የዙሪክ ልጅ ነው፤ የምንኖረውም እዚያው፣ አልትሽቴተን በሚባል ሰፈር ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከተኩስ ክለብ ጓደኞቹ ጋር ካርቶን ሲበሳ ይውላል፤ በእነሱ ዘንድ ይህ እንደ ካርታ ጨዋታ ያለ መዝናኛ ነው። ሽጉጡን የሚያስቀምጠው ከሕንጻው ሥር ባለችው፣ ኬለር በሚሏት የዕቃ ክፍላችን፣ በብረት ካዝና ቆልፎ ነው። ቁልፉ ካንገቱ አይወርድም። ሌላው ፍቅሩ አማርኛ ነው፤ ለእኔ ብሎ ኮርስ ገብቷል። ሰው ቋንቋ ሲጀምር «ውሃ፣ ዳቦ፣ እናት» ይላል፤ እሱ የጀመረው «ጠመንጃ፣ ሽጉጥ፣ ጥይት» ብሎ ነው። አስተማሪው «በአክብሮት የተናገረ አይሳሳትም» ስላሉት ሁሉን «እርስዎ» ይላል፤ እኔንም፣ የጎረቤት ድመትንም። አላረምኩትም። ጄኔቭ ሰው ቤት በሠራሁባቸው ዓመታት አንድም ቀን እርስዎ ያለኝ አልነበረምና፣ ሲመጣልኝ ይቅርብኝ እንዴት ልበል?

ነገሩ የጀመረው ከኡርስ ደም ነው። ሐኪሙ ኮሌስትሮልህ እንደ ተራሮቻችን ሽቅብ ወጥቷል፣ በዚሁ ከቀጠልክ ልብህ አይችለውም አሉት። የሰውየው ጠላት ፎርማጆ ነው፤ ቁርስ ፎርማጆ፣ ምሳ ፎርማጆ፣ እራት ቀልጦ የፈሰሰ ፎርማጆ። ፈራሁ። አርባን ካለፍኩ በኋላ ያገኘሁትን ባል ለፎርማጆ አሳልፌ ልስጥ? ብቻውን እንዳይከፋው ብዬ «አንተ ፎርማጆ ተው፣ እኔ ቅቤ እተዋለሁ» አልኩት። እጅ ለእጅ ተያይዘን፣ ጸልየን፣ ቃል ተገባባን። ጂምም ተመዘገብን፤ እሱ ጠዋት፣ እኔ ከሥራ በኋላ።

ቃሌን እጠብቅ ነበር፣ ወይንሸት ባትኖር። ወይንሸት የልብ ጓደኛዬ ናት፤ አሁንም ጄኔቭ አንድ ዲፕሎማት ቤት ትሠራለች። ከአገር ቤት የመጣላትን ጭኮ አካፍላ ላከችልኝ። ገብሱ ቅቤ የጠጣ፣ ኮረሪማው ገና ከፖስታ ሳጥኑ የሚጣራ፣ እያንዳንዱ የጡብ ያህል የሆነ ስምንት ቁራጭ ጭኮ። ቤት ላስቀምጠው? ኡርስ ያገኘዋል። ልጣለው? ይህስ ግፍ አይደለም? ስለዚህ ጂም በምይዘው ቦርሳ ውስጥ፣ ከፎጣው ሥር ከተትኩት። ልብስ መቀየሪያው ክፍል ጥግ እቀመጥና ትንሽ እቆርሳለሁ፤ ከዚያ መሮጫው ማሽን ላይ ወጥቼ ንስሐ እገባለሁ። ግን ሕሊና ያለው ሰው በማሽን ሮጦ የት ይደርሳል? ፓስተራችን ስለ ስውር ኃጢአት በሰበኩ ቁጥር ኮረሪማ ይሸተኛል። ኡርስ ማታ ካሮቱን እየቆረጠመ «ለእርስዎ ጤና» ሲለኝ እንባዬ ይመጣል። ከእራት በኋላም እንደ ምስኪን «ሽጉጤን ልወልውል» ብሎ ወደ ኬለር ይወርዳል። ፎርማጆ የተቀማ ሰው በምን ይጽናና? ሲመለስ ያልታጠበ ካልሲ የመሰለ ሽታ ይዞ ይመጣል፤ እኔም የምድር ቤቱ እርጥበት ነው ብዬ ዝም።

አንድ ምሽት ወይንሸት ደወለችና «አንቺ ቀጣፊ፣ ሰውየሽን በካሮት እየፈጀሽ አንቺ ጭኮ ትገምጫለሽ? ለመሆኑ አያይሽም?» ብላ ሳቀችብኝ። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍ፣ «ምን ያያል፣ ፎጣዬ ሥር ሽጉጥ አድርጌ እኮ ነው ጂም የምሄደው፤ ኡርስ በሕልሙም አያውቅ» አልኳት። ዞር ስል ኡርስ ከኋላዬ ቆሟል። ከዚያ ሁሉ ንግግር ከ«ጂም» ሌላ የለቀማት ቃል አንዲት ናት፤ እሷኑ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ ነው ያጠናት።

ስልኩን ስዘጋ አስቀመጠኝ። ፊቱ ነጭ ሆኗል፤ ድሮም ነጭ ነው፣ ብቻ የባሰ። «በቦርሳዎ የሚይዙትን ዐውቄአለሁ» አለኝ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ይቅርታ አድርግልኝ፣ ሰው መሆን ነው አልኩት። «አልተቆጣሁም። ግን ፈቃድ አለዎት?» አለ። ከማን ብለው፣ ከፖሊስ። እንግዲህ ፍረዱኝ፤ እሑድ ቀን ጠርሙስ መጣል በሚከለከልበት፣ ልብስ ማጠቢያ በተራ በሚታደልበት አገር ለጭኮም ፈቃድ ያስፈልጋል ቢባል ምን ይደንቃል? አላወቅሁም፣ አወጣለሁ አልኩት። «ስንት ይይዛል?» ሲለኝ፣ ስምንት አልኩ። «ሁሉም አለ?» ሲለኝ አንገቴን ደፍቼ «ሦስቱን ጨርሻለሁ» አልኩ።

ወንበሩን ያዘ። «በማን ላይ?» አለኝ። ከማን ጋር ለማለት ፈልጎ አማርኛው ያዳለጠው መሰለኝ። «ብዙውን ብቻዬን ነው፤ አሠልጣኟን ግን ትንሽ አቅምሻታለሁ» አልኩት። ለካ ይህንንም ግሥ ተምሮታል፤ ዱላ አቀመሰው፣ ጥይት አቀመሰው እያሉ። «ሞቱ?» አለኝ በሹክሹክታ፤ በዚያ ጭንቅ ውስጥ እንኳ አሠልጣኟን አንቱ ማለቱን አልተወም። «ኧረ ወዳዋለች፣ ድገሚኝ ብላለች» አልኩት።

አፉን ከፍቶ ሲቀር ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አንድ አፍታ ታጣቂ ሆኜ ልቅር ብዬ አስቤአለሁ። ለሽጉጥ ቢያንስ ፈቃድ ይገኛል፤ ቃል ላፈረሰች ሚስት ፈቃድ የሚሰጥ ፖሊስ የት አለ? ሕሊናዬ ግን አላስቀመጠኝም። ቦርሳውን አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት። ኡርስ ጭኮውን አገላብጦ አየ፣ አሸተተ። «ቅቤ ነው» አለ። ሽጉጥ ቢሆን ይሻለው እንደነበር ከዓይኑ አነበብኩ። ቁራጩን መልሶ አስቀመጠና «እኔ ካሮት በላሁ» አለኝ፤ ድምፁ እንደ ልጅ ሆኖ። ይቺ ንግግር ከየትኛውም ጥይት ባሰችብኝ።

ጥፋተኛ ሰው መቼም መከላከያ አያጣም። «ለመሆኑ እኔ ሽጉጥ ከየት አመጣለሁ ብለህ ነው የጠረጠርከኝ? ቤታችን ያለው ሽጉጥ ያንተው ነው። እስቲ ወርደን መኖሩን እንይ» አልኩት። አያስፈልግም አለ። ያስፈልጋል አልኩ። ቁልፉ ጠፍቷል አለ፤ ቁልፉ አንገቱ ላይ እያብረቀረቀ። ፊቱ ከነጭነት ወደ ቲማቲምነት ሲሻገር ጊዜ ይዤው ወደ ኬለር ወረድኩ።

ካዝናው ሲከፈት የዚያ ካልሲ ሽታ መጥቶ አቀፈኝ። የትንሽ መኪና ጎማ ግማሽ የሚያህል ፎርማጆ፣ የደረቀ ቋሊማ፣ ቢላ፣ በሥርዓት የታጠፈ ናፕኪን። «ሽጉጡስ?» አልኩት። ለክለቡ ካዝና በአደራ ሰጥቶት ኖሯል። «የሽጉጥ ዘይት ሽታው ፎርማጆውን ያበላሽብኛል» አለኝ። ከሽጉጥ በቀር ያልተሸጎጠ ነገር የለም። እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ ማለት ይኸው ነው፤ ማን ማንን ይቆጣል? እዚያው ምድር ቤት ወለል ላይ ተቀምጠን እስኪደክመን ሳቅን።

ሐኪሙ ዘንድ አብረን ሄደን ሁለታችንም ተናዘዝን። ልብህን ከወደድከው ፎርማጆ እሑድ ብቻ፣ እሱም አንዲት ስስ ቁራጭ አሉት። ቁልፉን ካንገቱ አውልቆ ለእኔ አስረከበኝ፤ እኔም በአደራ ጠባቂነቴ እስካሁን አላሳፈርኩትም። የኡርስ ደም ለውጥ አሳይቷል፣ ሐኪሙም ደስ ብሏቸዋል። ብቻ ባለፈው እሑድ ቁራጩን ልቆርጥለት ፎርማጆውን ሳወጣ ተቀበለኝና ከፍ ዝቅ አድርጎ መዘነው። «ፎርማጆው ከስተዋል» አለኝ፣ በሚገባቸው አክብሮት።

ለምን አይከሱ? ጂም እየሄዱ፤ ፎጣዬ ሥር ሽጉጥ ብለው።